ፔጆዋ ከግቢ ያልወጣችበት ክረምት

ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

መኪናችን ዛሬ ሞተች። ባሌ ኢያቄም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይዞ ሲመለስ ጎፋ ገብርኤል መታጠፊያው ላይ አንድ ጊዜ ጮኻ ቀጥ አለች አሉ። እኔ ከቢሮ ስመለስ አራት ጎረምሶች እየገፏት ሳለ በራችን ላይ ደረስኩ። ኢያቄም በመስኮት መሪውን ይዞ አብሮ ይገፋል። ልጃችን ቴዎ ከውስጥ ሆኖ እንደ ሹም ለሰፈሩ እጁን ያውለበልባል። ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ግን ማን አየኝ ብዬ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሰው ፊት ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለመኪና ብዬ አይደለም። ለሰው የማይነገር ነገር በዝቶብኝ ነው። በስልክ አይወራም፣ ቢሮ አይወራም፣ ለእናቴ ከነገርኳት ደግሞ እሷን ማስታመም ሊሆን ነው። ኢያቄም አስመራ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ልጆቻችን ሜሪና ቴዎ ከጎፋ ሌላ አገር አያውቁም። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ከየቤታቸው እየተወሰዱ ወደ ድንበር ይላካሉ። እሱ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ከሚሠራበት ፋብሪካ ባለፈው ሳምንት ሁለት ባልደረቦቹን ወስደዋቸዋል። ሌሊት በመኪና ይመጣሉ ይባላል።

ስለዚህ በራችን አካባቢ መኪና ሲቆም መስማት አልችልም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ሸምሱ መጣ። ቄራ ጋራዥ አለው፤ ይቺን ፔጆ 404 ሲያክማት የኖረ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ሞተሩን በእጁ ለማዞር ታገለ። አልዞርለት አለ።

«ነክሷል ጋሽ ኢያቄም። ውሃ ጨርሳ ስትነዳ ነው። ፒስቶኖቹ ተጣብቀዋል።»

«ምን ይሻላል?»

«ሁለት ነገር አለ። አንዱ ይሄንኑ አውርዶ ማደስ ነው። የ404 ዕቃ ግን በመብራት ተፈልጎም አይገኝም፤ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው መቀየር ነው። ሶማሌ ተራ ከተጋጨ 504 የወረደ ንጹህ ሞተር አይቻለሁ። እሱን ካመጣሁ በሳምንት ትነሳለች።»

«ቀይረው» አለ ኢያቄም። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

ሸምሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ጣጣ እንዳለው ነገረን። ሌላ ሞተር ሲገባ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ባለቤቱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ትራንስፖርት ቢሮ ቀርቦ አዲሱን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት።

መታወቂያው ላይ የትውልድ ቦታ የሚል መስመር አለ። ኢያቄም ያን መታወቂያ ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲዞር፣ አንዱ ጸሐፊ ቀና ብሎ ሲያየው፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

«የድሮውን እናድሰው» አልኩ። «ምን ያስቸኩለናል?»

«ቁጥሩ ይቆያል፣ በኋላ ይደረስበታል» አለ ኢያቄም፤ የመለሰው ግን ለሸምሱ ነው። ቀጥሎም «504ቱ ረጅም ዳገት ይችላል? የሃገረ ማርያምን ዓይነት?» ብሎ ጠየቀው።

«እሱማ የኬንያ ጠረፍ ሞያሌ ድረስ ቢነዱት አይሞቅም ጋሼ።»

ሃገረ ማርያም ከየት መጣ? እኛ የምንነዳው ከጎፋ ቄራ፣ ሲበዛ እሁድ እሁድ እስከ ለቡ ነው። ወንዶች መኪና ላይ ሲያጎነብሱ የማይሄዱበትን መንገድ ሁሉ ያወራሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ቸኩያለሁ። የቴዎ ሰማያዊ ሹራብ የለም። ትምህርት ቤት ጥሎት ነው እንጂ የት ይሄዳል። በዚህ ብርድ። ኢያቄም ለሸምሱ ቀብድ ሰጥቶታል፤ ሳይነግረኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ጎረቤታችን አቶ አስረስ ዛሬ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ሳሪስ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል፤ ከዚህ በፊት ግቢያችንን የረገጠው ለለቅሶ ብቻ ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ሳይጠይቅ በሩን ከፍቶ መሪው ጋ ተቀመጠና የኋላ ማሳያውን መስታወት ለራሱ ቁመት አስተካከለው።

«ወይዘሮ ብርነሽ፣ በዚህ ጊዜ ለሞተር ማውጣት ምን ያደርጋል? እንዳለች ለእኔ ስጡኝ።»

«በዚህ ጊዜ ማለት?»

«አይ፣ ክረምቱን ማለቴ ነው።»

ሻይ አቀረብኩለት። ለምን እንዳቀረብኩለት አላውቅም፤ እጄ ራሱ አቀረበ። ጠጥቶ «ለማንኛውም ቅድሚያ ለእኔ ነው፤ ጎረቤት ነን» ብሎ ሄደ። ማታ ለኢያቄም ስነግረው «አትሸጥም» አለና መስታወቱን ወደ ቦታው ሊመልስ ወጣ።

ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል። ርካሽ ዕቃ የሚወድ ነጋዴ ነው። የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ነው፤ እኛ ገና ቤታችን ተቀምጠን እሱ የሄድን አድርጎ ቆጥሮናል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

ፔርሙሱም ጠፋ። የሜሪም ሹራብ። የልጆቹ አልጋ ላይ ከሚደረበው ብርድ ልብስ አንዱ የለም። የቤት ሠራተኛችንን ዓለሚቱን ጠራኋትና «እስኪ አስቢ፣ ለሰው አውሰሽ እንዳይሆን» አልኳት። ገባት። «እኔ እትዬ? ስድስት ዓመት ሙሉ መርፌ ጠፍቶብሽ ያውቃል?» ብላ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ኢያቄም ይህን ሁሉ እየሰማ ጋዜጣውን ገለጠ። ከዚያ «ተያት፤ ዕቃ ነው፣ ይገኛል» አለ። ሠራተኛ ተቆጥቼ አላውቅም ነበር። ፍርሃት ምን ዓይነት ሴት እያደረገኝ ነው?

ትናንት ቢሮ ውስጥ ታይፕ እየመታሁ ከኋላዬ የሰማሁት፦ «የእሷም ባል ከነሱ ነው እኮ።» ሌላዋ፦ «ምስኪን፣ ሰው ግን አይመስልም?» ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ያንኑ ገጽ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 24፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የመኪና ድምፅ አያሰማኝም፤ ሳያሰማኝ ሲቀር ይብስብኛል። ቅድም ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ መኪና ከበራችን አለፍ ብሎ ቆመ። ሁለታችንም ነቅተን ሳንነጋገር አዳመጥን። የመኪና በር ተከፈተ፣ ሰው ሳቀ፣ በሩ ተዘጋ። የሰፈር ሰካራም ነበር። ኢያቄም እጄን ያዘኝ፤ ላብ በላብ ነበረ። የእኔ ይሁን የእሱ አልለየሁም።

እራት ላይ ተጨቃጨቅን። ልጆቹ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ የሚደረግ ጭቅጭቅ እንዴት እንደሚያደክም።

«የድሮውን ሞተር ያድሰው። ማንም አያየንም፣ ማንም ቁጥር አይጠይቀንም።»

«ሁለት ወር ነው ብርኔ። ጊዜ የለንም።»

«ለምኑ ነው ጊዜ የሌለን?»

ለምን ግልጹን አትነግረኝም አልኩት። «ፊትሽ» አለኝ፣ ጉንጬን በጣቱ ነካ አድርጎ። «ፊትሽ የሰማውን ሁሉ ያወራል። ከትውውቃችን ጀምሮ እንደዚህ ነሽ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሳሎን ተቀምጦ የሜሪን አትላስ ሲያይ አገኘሁት። ጣቱ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ዲላን አልፏል። ሲያየኝ ዘጋውና «እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ ነው» አለ።

እኔ የምፈራው ትራንስፖርት ቢሮውን ነው። መታወቂያውን ነው። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ የምፈራው እሱን ብቻ ነው። አንድ ወንድ ብቻውን ከሆነ የት የት አይደርስም። ይህን መስመር ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 27

አደረግኩት።

ገበያ ብዬ ወጥቼ ቄራ ወረድኩ። ሸምሱ ከአንድ ቮልስ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ወጥቶ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ሰጠኝ። 504ቱ ከጥግ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ሰኞ ይዤው ልመጣ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«ሸምሱ፣ ሞተሩ ለሌላ ሰው ተሸጧል በለው።»

«ለማን?» አለ። ከዚያ ገባው። «እትዬ፣ ቀብድ ተቀብያለሁ እኮ።»

«ቀብዱን ለድሮው ዕቃ መፈለጊያ አድርገው። ካልጠየቀህ አትናገር፣ ከጠየቀህ ተሸጠ በል።»

«ጋሼን ዋሽቼ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አልኩት። «ለእሱ ብዬ ነው። ወደዚያ ቢሮ ከሄደ ወጥመድ ውስጥ ራሱ ገባ ማለት ነው።»

«እንዳሉ» አለና ወደ ቮልሱ ተመለሰ። ስመለስ ሽንኩርት መግዛት ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ሰውነቴ ሁሉ ቀሎኝ ነበር። ይህንም መጻፍ አለብኝ፣ ቀሎኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 29

ሸምሱ ነገረው። ኢያቄም «ተሸጠ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ተሸጠ?» አለ፣ መጀመሪያ ያልሰማ ይመስል። ሸምሱ እኔን ሳያይ «ሌላ እፈልግልዎታለሁ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

ዝናቡ ሲወርድ ኢያቄም መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። በመስኮት አየዋለሁ። መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ልብሱ ርሶ ነበር፤ ፎጣ ሰጠሁት። «እንግዲያው የድሮውን ያድስ» አለ። «ምናልባት ይደርስ ይሆናል።»

ለምን እንደሚደርስ አልጠየቅሁትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

ኢያቄም ከሥራ ታግዷል። ወረቀት አልሰጡትም፤ ጥበቃው «እስክንጠራህ ቤትህ ቆይ» ብሎ ከበር መለሰው። የአሥራ አራት ዓመት ሠራተኛ። አሁን ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ነው። ሸምሱ የድሮውን ሞተር በከፊል ፈታው፤ ዕቃው ግን አልተገኘም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ይላል። ዓይኔን አያይም።

ተረከዙ የተላቀቀው ጥቁር ሽፍን ጫማዬ ጠፋ። ቤቱን ገለበጥኩት። በዚህ ጭቃ በነጠላ ጫማ ቢሮ ሄድኩ። ዓለሚቱን አልጠየቅኳትም፤ እሷ ግን ሳልጠይቃት ሳጥኗን አውጥታ ፊቴ ከፈተችው። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

እሁድ፣ ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ኢያቄም እኔም ልሂድ ሲል ለምኜ አስቀረሁት። ሰው የሚበዛበት ቦታ ዓይን ይበዛል። እኔ ከልጆቹ ጋር ሄድኩ፤ ቆሜ የጸለይኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አቶ አስረስ ከቅጽሩ ውጭ ሰላም አለኝ። «እንዴት ሆነች?» አለ። መጀመሪያ እናቴን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መኪናዋን ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 23

ወሰዱት።

በመኪና አልመጡም። በእግራቸው ነው የመጡት። ሲነጋ፣ ቀስ ብለው አንኳኩተው፣ «ደህና አደራችሁ» ብለው። ስንት ሌሊት ጆሮዬን ለመኪና ድምፅ ሰጥቼ። ልብሱን እንኳ በወጉ አልለበሰም። ሜሪ ነቅታ ነበር።

እሁድ፣ ሐምሌ 26

ከሦስት ቀን መንከራተት በኋላ ያለበት ጣቢያ ተገኘ። ምግብ ማድረስ ይቻላል አሉኝ። ከብዙ ሰው ጋር ተሰልፌ ቆየሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ለልጃቸው የያዙት ካፖርት ከእሳቸው ይበልጥ ይከብዳል።

በሽቦው ማዶ አየሁት። ጢሙ አድጓል። ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ። ሌላ ብዙ ሊለኝ አፉን ከፈተ፣ ጥበቃው አጠገባችን ቆመ።

«ሞተሩን አስገቢላት» አለኝ።

«ምን?»

«ፔጆዋን። ለአስረስ እንዳትሰጪ። የኋላውን…» ጥበቃው በቃ አለ። ኢያቄም የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሽቦው ቀዳዳ አቀበለኝ። የእጁ ሙቀት ነበረው።

መንገድ ላይ ተናደድኩበት። ሰው በዚህ ሰዓት ስለ መኪና ያወራል? «እወድሻለሁ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረው እኮ። እኔስ? ሞተሩ እንዳልተሸጠ ልነግረው ሄጄ፣ ፊቱን ሳይ ፈራሁ። ፊቴ እንዳይነግርብኝ መሬት መሬት ሳይ ቆይቼ ጊዜው አለቀ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 2

ምግቡን ይዤ ሄድኩ። የሉም አሉኝ። ትናንት ማታ በአውቶቡስ ሄደዋል። የትኛው አውቶቡስ፣ በየት በኩል፣ የሚመልስልኝ የለም። ሳህኑን እንደያዝኩ ቤቴ ተመለስኩ። ዓለሚቱ ሳህኑን ተቀበለችኝና አብራኝ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ እየጨፈሩ መጡ። የቤቱን ጌታ ስም ጠርተው ሊያወድሱ ሲሉ ቴዎ «አባቴ የለም» አላቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ ዳቦውን ተቀብለው ወጡ።

ዛሬ አቶ አስረስ መጣ። በሐዘን ድምፅ ተናገረ። ሞተሯ የተፈታ መኪና ክረምት ካለፈባት የቁራሌው ናት አለ። ለልጆቹ ይሆናል አለ። እውነቱን ነው፤ ለልጆቹ ይሆን ነበር። መስማማት ነበረብኝ። እያወራ ወደ መኪናዋ ሄዶ በሩን ከፈተና እጁን ወደዚያው መስታወት ሰደደ።

«አይንኩት» አልኩ።

«ምኑን?»

«መስታወቱን። ለባለቤቱ የተስተካከለ ነው። ሞተር አስገባላታለሁ፤ አልሸጥም።»

ይህን ያለችው እኔ መሆኔን ያመንኩት እሱ ከወጣ በኋላ ነው። መንዳት አልችልም። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለወር አስቤዛ ነው። ግን በሽቦው ማዶ ሆኖ ከዓለም ነገር ሁሉ መርጦ የጠየቀኝ ያንን ነው፤ ባይገባኝም አደርግለታለሁ። ለሞተሩ ዋጋ እንዲሸጥ የአንገት ሐብሌን ከሳጥን አውጥቼ በቦርሳዬ ከተትኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 15

ቄራ ሄድኩ። ሸምሱ ሲያየኝ ተነሳ። ሳልጠይቀው ጆንያውን ገለጠው። 504ቱ እዚያው ነበረ። «ሰው ሲጠይቀኝ አልሸጥም እላለሁ» አለ። «የጋሼ ቀብድ አለበት።» ሁለታችንም አለቀስን፤ ሁለታችንም ከጭሱ ነው አልን።

ቅዳሜ፣ መስከረም 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ሸምሱ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት አናታቸውን አስሮ መኪናዋ ላይ አቆመና ሰንሰለት አንጠለጠለባቸው። የድሮው ሞተር ተነሥቶ አየር ላይ ሲንጠለጠል ቴዎ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበ።

«እትዬ፣ ቁጥሩን እኮ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ሊብሬው በጋሼ ስም ነው።»

«ሚስቱ ነኝ ብዬ እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አልኩ። «የት ተወለደ ካሉኝ እነግራቸዋለሁ።» ስጽፈው እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።

ከዚያ የመኪናዋን ፊት ከፍ ለማድረግ ክሪክ አስፈለገው። የእሱ ጋራዥ ቀርቷል። «የጋሼ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይኖራል» አለ። ቁልፉን ኢያቄም ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ከምስማሩ ላይ አላነሳሁትም ነበር። አምጥቼ ከፈትኩት።

በመጀመሪያ ያየሁት ፔርሙሱን ነው። ከሥሩ የልጆቹ ብርድ ልብስ በሥርዓት ታጥፏል። በእሱ ላይ የቴዎ ሰማያዊ ሹራብ፣ የሜሪ ሹራብ፣ አትላሱ። አንድ ጀሪካን ቤንዚን። አንድ ፌስታል ውስጥ ብስኩትና ስኳር። ሌላ ፌስታል አለ፤ ፈታሁት። ጥቁር ሽፍን ጫማዬ ነው። ጠርጎታል፣ ቀለም ቀብቶታል። ተረከዙ ተጠግኗል።

የራሱን ፈለግኩ። አንድ ካልሲ እንኳ የለም። ለራሱ ገና አልደረሰም ነበር።

ሸምሱ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «ሃገረ ማርያም ሲለኝ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ዓለሚቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ሹራቦቹን አየች። ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ይዛ አስቀረችኝ። ሜሪ «እማዬ ምንድነው?» አለችኝ። «አባትሽ ለመንገድ ያዘጋጀልን ነው» አልኳት። ብቻውን ይሄዳል ብዬ ነበር የፈራሁት። ሞተሩን ያስቀረሁት ለዚያ ነበር። ለመታወቂያው አልነበረም።

ክሪኩን ለሸምሱ ሰጠሁት። አትላሱን ለሜሪ አወጣሁላት፤ ትምህርት ሊከፈት ነው። ሹራቦቹ ለልጆቹ ያንሱ ይሆናል፣ ሆኖም እንደነበሩ አጥፌ መለስኳቸው። ጫማዬንም እዚያው ተውኩት።

ሸምሱ ሞተሩን ሊያወርድ ሰንሰለቱን ሲይዝ «ረጅም ዳገት እንዲችል አድርገህ ግጠመው» አልኩት።